ኮንሶል ሰርቨሩ አልሰማ ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያን መንገድ አንድ ጊዜ ቀኑን ሙሉ የነዳሁት አንድ ኬብል ነቅዬ ሌላ ቦታ ለመሰካት ነው። የቅርንጫፉን ስዊች (ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘውን የኔትወርክ መሳሪያ) ከቢሮዬ ሆኜ ሳስተካክል የተሳሳተ ትዕዛዝ ጻፍኩና በሩ ተዘጋብኝ። አልደነገጥኩም። ኮንሶል ሰርቨር የገዛነው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። ስሞክረው ግን እሱም የለም። የኔትወርክ ኬብሉ የተሰካው እኔው የቆለፍኩት ስዊች ላይ ነበር።

ለማያውቀው፣ ኮንሶል ሰርቨር ብዙ ሲሪያል ፖርት ያለው ሳጥን ነው። እያንዳንዱ ፖርት ከአንድ ራውተር ወይም ስዊች የኮንሶል ፖርት (በቀጥታ ትዕዛዝ ከሚሰጥበት መሰኪያ) ጋር ይገናኛል። መሳሪያው አይፒው ቢጠፋ፣ ኮንፊጉ (ቅንብሩ) ቢበላሽ፣ ገና በመነሳት ላይ ቢሆን እንኳ በዚህ መስመር ይናገራል።

ምልክት፦ ኮንሶል ሰርቨሩ ራሱ አይገኝም

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የእኔው ነው። ሳጥኑ ሊያድነው ከሚገባው ነገር ላይ ተንጠልጥሏል። ይህ የትንሽ መስሪያ ቤት ስህተት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ ለ6 ሰዓት ያህል ሲጠፋ ተለዋጩ የርቀት መግቢያም አብሮ ወድቆ ስለነበር መሐንዲሶች በአካል ወደ ዳታ ሴንተር መሄድ ነበረባቸው። በጁላይ 2022 የካናዳው የቴሌኮም ኩባንያ የሮጀርስ ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አገልግሎት ሲያጡ ደግሞ የማስተዳደሪያ ኔትወርኩ በዋናው ኔትወርክ ላይ የተመሰረተ ነበር።

መፍትሄው ለሳጥኑ የራሱን መንገድ መስጠት ነው። ከዋናው መስመር የተለየ ኢንተርኔት፣ ወይም ሲም ካርድ ያለው ሞደም። ሲም ካርድ ከሆነ ሦስት ነገር እዩ። ፓኬጁ አልቆ ይሆናል። አንቴናው የብረት ራክ ውስጥ ተዘግቶበት ሲግናል አጥቶ ይሆናል። ሁሉም ደህና ሆኖ ከውጭ መግባት ካልቻላችሁ ደግሞ የሞባይል ኔትወርኩ የሰጣችሁ አይፒ የግል ነው፣ ከውጭ አይጠራም። ያኔ ሳጥኑ ራሱ ወደ እናንተ ቪፒኤን (የተመሰጠረ የግል መስመር) ይክፈት፤ እናንተ በዚያው ትመለሳላችሁ።

ሳጥኑ ለፒንግ (አለህ ወይ ለሚለው ፍተሻ) እየመለሰ ፓስወርድ አልቀበልም ካለስ? የመለያ ሰርቨሩን፣ ማለትም ታካክስን ወይም ራዲየስን፣ ፈልጎ አጥቶት ነው። ሳጥኑ ላይ የራሱ የሆነ አንድ ተጠቃሚ ይኑር። ፓስወርዱም መስመር ሲቋረጥ በምትደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።

ምልክት፦ ፖርቱ ተከፍቷል፣ ስክሪኑ ባዶ ነው

መጀመሪያ ኢንተር ተጫኑ። ኮንሶል ካልነኩት ዝም ይላል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይዘጋዋል።

አሁንም ዝም ካለ ኬብሉ ነው። የአንዱ መላኪያ ከሌላው መቀበያ ጋር መግጠም አለበት። የድሮው የሲስኮ (የኔትወርክ መሳሪያ አምራቹ) ሮልኦቨር ኬብል ገመዶቹን ይገለብጣቸዋል፤ 1ኛው ወደ 8ኛው ይሄዳል። አንዳንድ አዳዲስ ኮንሶል ሰርቨሮች ግን ግልበጣውን በፖርታቸው ውስጥ ስለጨረሱት የሚፈልጉት ተራ ቀጥተኛ ኬብል ነው። እዚያ ላይ ሮልኦቨር ከሰካችሁ መላኪያ ከመላኪያ ይጋጠማል። መመሪያውን አይታችሁ ኬብሉን ቀይሩ። እርግጠኛ ለመሆን፣ የሳጥኑ ፖርት የሲስኮን አደራደር የሚከተል ከሆነ 3ኛውንና 6ኛውን ገመድ ያገናኘ መሰኪያ ስሩና በፖርቱ ላይ ጻፉ። የጻፋችሁት ከተመለሰላችሁ ፖርቱ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው።

ምልክት፦ የማይነበብ ፊደል ይፈስሳል

የፍጥነት አለመግባባት ነው፤ ቦድ ሬቱ። ሲስኮ ካልተነካ 9600 ነው። የማይክሮቲክ ራውተርቦርድ ግን 115200 ነው። ብዙ ሊኑክስ ሰርቨሮችም 115200 ይጠቀማሉ። የቀረው ባብዛኛው አንድ ነው፦ 8 ቢት፣ ፓሪቲ የለም፣ 1 ስቶፕ ቢት። ሲነሳ ተበላሽቶ በኋላ የሚጠራ ከሆነ ወይም በተቃራኒው ከሆነ፣ የማስነሻው ፕሮግራምና ሲስተሙ በተለያየ ፍጥነት ነው የሚናገሩት። ሁለቱን አንድ አድርጓቸው። አለበለዚያ በክፉ ቀን ዋናውን መልእክት ሳታነቡት ያልፋችኋል።

ምልክት፦ ይታየኛል፣ መጻፍ ግን አልቻልኩም

መጀመሪያ ኮንትሮልና ኪው ተጫኑ። ኮንትሮልና ኤስ በስህተት ተነክቶ ከሆነ ስክሪኑ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ኪው ይፈታዋል። ካልሆነ ፍሎው ኮንትሮሉን አጥፉ። ሳጥኑ የመላክ ፈቃድ እየጠበቀ ይሆናል፤ የመሳሪያው ኮንሶል ደግሞ ያንን ፈቃድ አይልክም።

ብዙ ያደከመኝ ግን ሌላ ነው። አዳዲስ የሲስኮ መሳሪያዎች የዩኤስቢ ኮንሶልም አላቸው። ዩኤስቢው ላይ ላፕቶፕ ከተሰካ ጽሑፉ በሁለቱም ይታያል፣ ትዕዛዝ የሚቀበለው ግን ከዩኤስቢው ብቻ ነው። ስለዚህ ቅርንጫፉ ጋ ደውሉና "ራውተሩ ላይ የተሰካ ላፕቶፕ አለ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ምልክት፦ ፖርቱ ተይዟል ይላል

የቀድሞ ተጠቃሚ ሳይወጣ ተቋርጦ ይሆናል። ሰሽኑን አጥፉት፤ የሲስኮ ራውተርን እንደ ኮንሶል ሰርቨር የምትጠቀሙ ከሆነ ክሊር ላይን ነው ትዕዛዙ። በማግስቱ ያለ ሰው ተመልሶ ከተያዘ ግን ኮንሶል ሰርቨር የሆነው ራውተርና የተገናኘው መሳሪያ እርስ በርስ እያወሩ ነው። አንዱ የተጠቃሚ ስም ይጠይቃል፣ ሌላው ጥያቄውን እንደ መልስ ይቆጥረዋል፣ እንዲሁ ሲባባሉ ያድራሉ። በኮንሶል ሰርቨሩ መስመር ላይ ኖ ኤግዜክ (መስመሩ የራሱን መግቢያ እንዳይከፍት የሚያደርግ ትዕዛዝ) ጻፉ፤ ያበቃል።

ምልክት፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ሮምሞን ላይ ቆሟል

ራውተር በሚነሳበት የመጀመሪያ 60 ሴኮንድ ውስጥ ብሬክ የሚባለው ምልክት ከደረሰው ሥራውን ትቶ ሮምሞን ወደሚባለው የጥገና ሁነታ ይገባል። አንዳንድ ኮንሶል ሰርቨር ደግሞ ሲጠፋና ሲነሳ በመስመሩ ላይ ይህንኑ ይልካል። መብራቱ ሲመጣ ሁለቱም አብረው ስለሚነሱ ይገጣጠማሉ። ሰን የተባለው ኩባንያ የድሮ ሰርቨሮች በዚሁ ምክንያት እየሠሩ ሳሉ ቀጥ ይሉ ነበር።

ለጊዜው ቡት የሚለውን ትዕዛዝ ጽፋችሁ አስነሱት፤ ኮንፊግ ሬጅስተሩም (ራውተሩ እንዴት እንደሚነሳ የሚወስነው ቁጥር) 0x2102 መሆኑን አረጋግጡ። ለዘለቄታው ግን ለኮንሶል ሰርቨሩ የራሱን ትንሽ ዩፒኤስ ስጡት። እኛ ደሴ ላይ ያደረግነው ይህንን ነው፤ የኔትወርክ ኬብሉም ዛሬ ከስዊቹ ተነቅሎ የራሱ ሞደም ላይ ነው ያለው። በየወሩ መጀመሪያ ዋናውን መስመር ሆን ብለን አጥፍተን በሞደሙ በኩል እንገባለን።