የ529 ገንዘብ መቼ ይውጣ? ከደሴና ከኮምቦልቻ ልጃቸውን አሜሪካ ልከው ለሚያስተምሩ

አጎት ወይም አክስት አሜሪካ ሆነው በልጁ ስም 529 የሚባለውን የኮሌጅ ቁጠባ ሂሳብ ከከፈቱለት፣ ልጁ ትምህርት ሲጀምር ዋናው ነገር የማውጫውን ቀን ማወቅ ነው። ለትምህርት የዋለ ገንዘብ ትርፉ ግብር የለበትም። ነገር ግን ገንዘቡ የወጣበትና ወጪው የተከፈለበት ቀን በአንድ የፈረንጆች ዓመት ውስጥ ይዋሉ። ያ ዓመት የሚዘጋው በእኛ ታኅሣሥ 22 ነው፣ ገና አንድ ሳምንት ሲቀረው። ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት በሚገባው ዓመት ደግሞ ታኅሣሥ 21 ይውላል። ከመስከረም እስከ ጳጉሜን እንደ አንድ ዓመት የሚያሰላ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በተለይ የሁለተኛውን መንፈቅ ክፍያ ተጠንቀቁ። ትምህርቱ ጥር ላይ ቢጀምርም ሂሳቡ ብዙ ጊዜ ኅዳር መጨረሻ ላይ ይደርሳል። ለኮሌጁ ታኅሣሥ 15 ከተከፈለ ከ529ም እስከ ታኅሣሥ 22 መውጣት አለበት። ከዚያ ቀን በኋላ የወጣው የአዲሱ ዓመት ነው፤ በዚያ ዓመት የሚመጥነው ወጪ ካልተገኘ ግብር ይመጣበታል። ገንዘቡ ባንክ እስኪገባ ጥቂት የሥራ ቀናት ስለሚፈጅ ጥያቄው ከታኅሣሥ 10 ባያልፍ ይሻላል።

ከማውጣታችሁ በፊት ወጪውን ደምሩ፦ የትምህርት ክፍያ፣ መጽሐፍ፣ ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔት። ልጁ ቢያንስ የግማሽ ጊዜ ተማሪ ከሆነ ቤት ኪራይና ምግብም ይገባል፤ ከግቢ ውጭ የሚኖር ከሆነ ኮሌጁ ካወጣው ተመን አይለፍ። ከኮምቦልቻ የሚሳፈርበት የአውሮፕላን ትኬት፣ የቪዛ ክፍያና የጤና መድን አይቆጠሩም። ከድምሩ ላይ ነፃ የትምህርት ዕድል የሸፈነውን ቀንሱ። ልጁን በግብሩ ላይ እንደ ጥገኛ ያስመዘገበ ዘመድ የኮሌጅ የግብር ቅናሽ የሚጠይቅ ከሆነም እስከ 4,000 ዶላር የሚሆነውን የትምህርት ክፍያ ለዚያ ተዉለት። አንድ ወጪ ሁለት ጊዜ አይቆጠርም።

ብዙ ማውጣት ምን ያስከትላል? ሂሳቡ ውስጥ 20,000 ዶላር አለ እንበል፣ 5,000ው ትርፍ ነው። 8,000 ከወጣ በውስጡ 2,000 ትርፍ አለ። የተረጋገጠው ወጪ 5,000 ብቻ ከሆነ የተረፈው 3,000 በውስጡ 750 ትርፍ ይዟል። በ750ው ላይ መደበኛው ግብር ይከፈላል፣ በተጨማሪ 10 በመቶ ቅጣት፣ 75 ዶላር። ስለዚህ «ለሁሉም ይሁን» ብሎ በአንዴ ማውጣትን አንመክርም፤ በየመንፈቁ፣ በደረሰኙ ልክ አውጡ።

ገንዘቡ በአጎቱ ባንክ ሳይሆን በተማሪው ስም ወይም በቀጥታ ለኮሌጁ ይከፈል። 1099-ኪው የተባለው የግብር ቅጽ የሚመጣው ተቀባይ በተባለው ሰው ስም ነው፤ ለኮሌጁ ከተከፈለ ግን በተማሪው ስም ይመጣል። እዚህ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ለሚማር ወንድም ክፍያ ከዚህ ሂሳብ አይውጣ፤ ለኮሌጅ ትምህርት ሂሳቡ የሚያገለግለው የአሜሪካ የፌዴራል የተማሪዎች ድጋፍ ለሚያውቃቸው ኮሌጆች ነው።

ልጁ ኮርስ አቋርጦ ኮሌጁ ገንዘብ ከመለሰለት በ60 ቀን ውስጥ ወደ 529 ይመለስ። ጳጉሜን መሃል ካልገባች በእኛ ልክ ሁለት ወር ነው፦ የካቲት 1 የተመለሰ ገንዘብ እስከ መጋቢት 30 ይግባ።