የኮን ቁመት አልመጣ ሲል

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ልጆች አስጠናለሁ። ፎርሙላውን ሁሉም ሸምድዶታል፦ ይዘት = አንድ ሦስተኛ × ፓይ × ራዲየስ ስኩዌር × ቁመት። ጣጣው የሚመጣው ይዘቱ ተሰጥቶ ሌላው ሲጠየቅ ነው። መለማመጃችን ብሎኩ ሥር የተራገፈው አሸዋ ነው፤ ይዘቱ 18.84 ሜትር ኩብ፣ ራዲየሱ 3 ሜትር፣ ፓይ 3.14።

ቁመቱ 67 ሳንቲ ሜትር መጣ፦ በየሳምንቱ የማየው ይሄንን ነው። 18.84ን በቀጥታ ለ28.26 (ፓይ × ራዲየስ ስኩዌር፣ 3.14 × 9) አካፍለዋል፤ አንድ ሦስተኛዋ ተረስታለች። ያገኙት የሲሊንደር ቁመት ነው። ይዘቱን መጀመሪያ በ3 አባዙ፣ 56.52። ከዚያ ለ28.26 ሲካፈል 2 ሜትር። አንዱ ልጅ 67 ነው ብሎ ድርቅ ሲልብኝ ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። ከክምሩ ጀርባ አካፋ የያዘ ሠራተኛ ቆሟል፣ የሚታየው የአካፋው እጀታ ብቻ። «ቲቸር፣ ደብተሩ ግን 67 ይላል» አለኝ። ይባስ ብሎ ለ3 የሚያካፍልም አለ፤ 22 ሳንቲ ይወጣለታል፣ ምንጣፍ ማለት ነው።

ለማያምን የወተት ዱቄት ጣሳ አመጣለሁ። ከአሮጌ ካላንደር ኮን እጠቀልልና ምስር እየሞላ ወደ ጣሳው ይገለብጣል፤ በሦስተኛው ጣሳው ጢም ይላል። የኮኑ አፍና ቁመት ከጣሳው እኩል መሆኑን ለኩ! አንዴ ሳልለካ ጠቅልዬ አራት ጊዜ ፈጀ፣ እስካሁን ይስቁብኛል። ጫፉንም በፕላስተር እሸጉት፣ ምስር ከምንጣፍ መልቀም አይመኙትም።

ቁመቱ 162 ሜትር መጣ፦ ስልክ ላይ 56.52 ÷ 3.14 × 9 ተብሎ ተነክቷል። ስልኩ ካካፈለ በኋላ በ9 አባዛው። ታችኛውን ለብቻ አስልታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ትንሽ ቢጨመርበት የንግድ ባንክን 209 ሜትር ሕንጻ ሊደርስ ነው፤ ይሄን መልስ ብሎ የሚያስረክበኝን ልጅ አልታገሠውም።

ቁመቱ 50 ሳንቲ መጣ፦ በራዲየስ ፋንታ ዲያሜትር ገብቷል።

ቁመቱ 2 ሜትር ተሰጥቶ ራዲየሱ ሲጠየቅ 9 መጣ፦ ስኩዌር ሩቱ ቀርቷል።

ራዲየሱም ቁመቱም ከሌለ በይዘት ብቻ አይወጣም፤ ዝምድናቸው ያስፈልጋል። ደረቅ አሸዋ ሲራገፍ ቁመቱ የራዲየሱ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይሆናል። ያንን ስትተኩ ራዲየስ ኪዩብ 27 ይመጣል፤ ኪዩብ ሩቱ 3 ነው። እዚህ ስኩዌር ሩት የሚወስድም አላጣሁም።

መልሱን ወርደው ሲያረጋግጡ ደግሞ ሜትሩን በክምሩ ጎን ላይ አስተኝተው 3.6 ይዘው ይመጣሉ። ያ ተዳፋቱ ነው። በእሱ ቢሰላ ይሄው አሸዋ ወደ 34 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ሻጩ ቢሰማ ደስታውን አይችለውም።