ቁጥሩ ሲዋሽ፦ የሬስ ጀልባ ኢንስትሩመንት ችግርና መፍትሄ

አናፖሊስ፣ ሜሪላንድ፣ ረቡዕ ማታ የሚደረገው የሸራ ጀልባ ሬስ ላይ ክሩ ሆኜ መውጣት ከጀመርኩ ጥቂት አመት ሆነኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ መንገዱ ካልተዘጋ አንድ ሰአት አይሞላም። ባህር የሌለው አገር ልጅ ስለሆንኩ መጀመሪያ የሰጡኝ ስራ ገመድ መሳብ ነበር፣ ኋላ ግን ኮምፒውተር ነገር እንደምነካካ ሲያውቁ ስክሪኖቹን ላንተ ብለው ጣሉብኝ፣ በዛው ቀረሁ። እና አሁን የሌላ ጀልባ ሰዎችም የሚጠይቁኝ ሁሌ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ታክ በመታን ቁጥር የንፋሱ አቅጣጫ ይቀየራል፣ ምን እናርግ?» (ታክ መምታት ማለት የጀልባውን አፍንጫ በንፋሱ በኩል አሳልፎ ንፋሱ በሌላው ጎን እንዲመጣ ማድረግ ነው፣ ንፋሱ የሚመጣበት ጎንም ታክ ይባላል።)

መልሱ መጨረሻ ላይ ነው ያለው፣ ይቅርታ። ምክንያቱም ትሩ ዊንድ የሚባለውን ነገር (ጀልባው ባይንቀሳቀስ ኖሮ የሚሰማንን ንፋስ) ጀልባው ላይ የሚለካ ምንም ዕቃ የለም። የሚለኩት የጀልባው ፍጥነት ውሃ ውስጥ፣ ኮምፓሱ፣ እና ምሰሶው ጫፍ ላይ ያለው የንፋስ ሴንሰር ናቸው፣ ትሩ ዊንዱን ኮምፒውተሩ ከነዚህ ደምሮ ቀንሶ ያወጣዋል፣ የሁሉም ስህተት እዛ ነው የሚጠራቀመው። ሰው ግን ቀጥታ እዛ ሄዶ ቁጥር ይነካካል፣ ከዛ ሌላው ይበላሻል፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው። ከታች ጀምሩ። ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ አሁን ያሉትን የካሊብሬሽን (የማስተካከያ) ቁጥሮች በሙሉ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ወደነበረበት መመለስ የሚያስፈልግበት ቀን ይመጣል።

ምልክት፦ ፍጥነቱ ያንሳል፣ ወይ ዜሮ ላይ ተገትሯል

ዘጠና ፐርሰንት ቆሻሻ ነው እላለሁ (ቁጥሩ የኔ ግምት ነው፣ ግን ተሳስቼ አላውቅም)። ከጀልባው ሆድ ስር የምትሽከረከር ትንሽ ጎማ አለች፣ ፓድል ዊል፣ በጋ ላይ ቼሳፒክ (አናፖሊስ ያለበት የባህር ወሽመጥ) ውስጥ ሳምንት ሳትሞላ አረንጓዴ ነገር ይይዛታል፣ ትንንሽ ቅርፊቶችም ይለጠፉባታል። ከውስጥ ንቀሉና በጥርስ ብሩሽ አጽዱ፣ ስትነቅሉ ውሃ ቡልቅ ብሎ ይገባል፣ አትደንግጡ፣ መድፈኛውን ግን ከመንቀላችሁ በፊት በእጃችሁ ያዙ። ስትመልሱ ላዩ ላይ ያለችው ቀስት ትክክል ወደ ፊት ትይ። ትንሽ ከዞረች በአንዱ ታክ ፈጥኖ በሌላው ዘግይቶ ያነባል፣ ከዛ ስኪፐሩ (የጀልባው አለቃ) «ስታርቦርድ ላይ ነው የምንፈጥነው» (ስታርቦርድ ንፋሱ ከቀኝ ሲመጣ ነው፣ ፖርት ከግራ) እያለ ሰመር ሙሉ ሲከራከር ይከርማል።

ጎማዋ ሳትጸዳ ካሊብሬት አታርጉ፣ ቆሻሻውን ነው ካሊብሬት የምታረጉት።

ከጸዳች በኋላ ሞተር አስነስታችሁ፣ ፀጥ ባለ ውሃ፣ አርፒኤሙን ሳትነኩ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ፣ ከዛ ዞራችሁ በተቃራኒው ተመለሱ። በሁለቱም ጂፒኤሱንና ሎጉን (ጎማዋ የምትሰጠውን ፍጥነት) ጻፉ። ለምሳሌ ስትሄዱ ሎግ 5.6 ጂፒኤስ 6.6፣ ስትመለሱ ሎግ 5.6 ጂፒኤስ 5.8 ቢሆን የጂፒኤሱ አማካይ 6.2 ነው፣ የውሃው ጅረት (እዚህ 0.4 ኖት፣ ማለትም የባህር ማይል በሰአት) ተጣፍቷል ማለት ነው። 6.2 ለ 5.6 ሲካፈል 1.11 አካባቢ፣ ያለውን የማስተካከያ ቁጥር በዚህ አባዙት። አንድ አቅጣጫ ብቻ ሄዶ ከጂፒኤስ ማመሳሰል ትልቁ ስህተት ነው፣ ጂፒኤስ የሚያውቀው መሬቱን ነው፣ ውሃው ከስራችሁ ይሂድ አይሂድ አያውቅም። ጅረቱ እየተቀየረ ያለበት ሰአት ከሆነ ሶስተኛ ጉዞ ጨምሩ።

ምልክት፦ ኮምፓሱ በአንዱ አቅጣጫ ልክ ነው፣ በሌላው ይስታል

አጠገቡ ብረት ወይ ማግኔት አለ። በዚህ ጉዳይ እኔ ራሴ ወንጀለኛ ነኝ፣ አንድ ማታ የብሉቱዝ ስፒከሬን ታች መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ፣ ኮምፓሱ ከጀርባው ነው ያለው፣ ሄዲንጉ (የጀልባው አፍንጫ የሚያይበት አቅጣጫ) 8 ዲግሪ ሳተ፣ ታክቲሺያኑ (መንገድ የሚመርጠው ሰው) ያንን አምኖ ንፋሱ ዞሯል ብሎ ወደ ግራ ወሰደን፣ ማንም አልተከተለንም። እስከዛሬ ስፒከር ይዤ ስመጣ ቦርሳዬን ይፈትሹኛል። የመፍቻ ሳጥን፣ ስልክ፣ መለዋወጫ መልህቅ፣ ሁሉም ሬስ ላይ በሚቀመጡበት ቦታ ይሁኑና ከዛ ኮምፓሱን አዙሩት፦ ጠፍጣፋ ውሃ ላይ ቀስ ብላችሁ ክብ ስሩ፣ አንዱ ዙር ሁለት ደቂቃ ያህል ይፍጅ፣ ከአንድ ዙር ትንሽ እለፉ። ከዛ ቻርት ላይ ያሉ ሁለት ምልክቶችን አንድ መስመር ላይ አድርጋችሁ አፍንጫውን ወደነሱ ቀጥ አርጉና ቀሪውን ልዩነት አስገቡ።

ስህተቱ በየትኛውም አቅጣጫ እኩል 11 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ደግሞ ምንም አትንኩ፣ አናፖሊስ ላይ የማግኔት ሰሜንና እውነተኛው ሰሜን የሚለያዩት ወደ ምዕራብ በዛው ያህል ነው፣ አንዱ ስክሪን ማግኔቲክ ሌላው ትሩ ላይ ተደርጎ ነው፣ ሴቲንግ ነው።

ምልክት፦ በአንዱ ታክ የንፋሱ አንግል ጠባብ፣ በሌላው ሰፊ

ወደ ንፋሱ ተጠግታችሁ ስትሄዱ ስታርቦርድ 24፣ ፖርት 30 ካነበበ ምሰሶው ላይ ያለው ሴንሰር 3 ዲግሪ ተጣሞ ተተክሏል። ማንም ምሰሶ ላይ መውጣት የለበትም፣ የልዩነቱን ግማሽ አስገቡ፣ በሁለቱም 27 ይሆናል። ግን አንድ ወጥመድ አለ። ጸደይ ላይ የቼሳፒክ ውሃ ገና በጣም ቀዝቃዛ ነው፣ ከደቡብ የሚመጣው አየር ሞቋል፣ ስለዚህ ላይና ታች ያለው ንፋስ አይቀላቀልም፣ ምሰሶ ጫፍ ያለው ከሌላ አቅጣጫ ይነፍሳል። ያን ቀን ሴንሰሩ ልክ ነው፣ የተጣመመው ንፋሱ ነው! ሸራው በአንዱ ታክ ከላይ ካልተከፈተ አልሄድ፣ በሌላው ካልተዘጋ አልሄድ ካላችሁ ያ ነው፣ ካሊብሬሽኑን ተዉትና ሌላ ቀን ኑ፣ ቀትር አካባቢ 10 እስከ 15 ኖት ሲነፍስ። በተለያየ ቀን ሶስቴ ተመሳሳይ ቁጥር ካገኛችሁ ያኔ አስገቡ።

ምልክት፦ ታክ በተመታ ቁጥር የንፋሱ አቅጣጫ ይቀየራል

አሁን ደረስን። ብዙ ሰው ይሄን ለማስተካከል ከላይ ያለውን የሴንሰር ጥመት ያዞራል፣ አይሰራም፣ ምክንያቱም ጥመቱ ሁለቱንም ታክ ወደ አንድ ጎን ነው የሚገፋው፣ አቅጣጫው ይሳሳታል እንጂ በታክ አይወዛወዝም። የሚያወዛውዘው በሁለቱም በኩል እኩል የጠበበ ወይ የሰፋ አንግል ነው።

ስታርቦርድ 205፣ ፖርት 215 ይላል እንበል። በሁለቱም ታክ ሄደር (ንፋሱ ወደ አፍንጫው መዞር) የመጣ ይመስላል፣ ስለዚህ ትሩ አንግሉ (ትሩ ዊንዱ ከአፍንጫው ጋር የሚሰራው አንግል) ጠቧል፣ የልዩነቱን ግማሽ 5 ዲግሪ ጨምሩ፣ ሁለቱም 210 ይላሉ። በየታኩ ሊፍት (ንፋሱ ከአፍንጫው መራቅ) ካሳየ ግን ሰፍቷልና ቀንሱ። ይሄ ግን የፍጥነቱ ካሊብሬሽን ካለቀ በኋላ ነው ያልኩት ለምን መሰላችሁ፣ ጀልባው በትክክል 6.5 ኖት እየሄደ ሎጉ 10 ፐርሰንት አሳንሶ ቢያነብ፣ የሚሰማን ንፋስ 20 ኖት በ27 ዲግሪ ከሆነ፣ ትሩ አንግሉ 38.7 መሆን ሲገባው 37.2 ይላል። አንድ ተኩል በዚህ፣ አንድ ተኩል በዛ፣ 3 ዲግሪ የውሸት ሽግግር ከቆሸሸች ጎማ! በዛ ላይ ኮምፓሱ በሁለቱ ሄዲንጎች የተለያየ ስህተት ካለው ሌላ ተደመረ። ማስተካከያው በንፋስ ጥንካሬ ስለሚለያይ በ8፣ በ12፣ በ16 ኖት ለየብቻ መዝግቡ፣ በአንድ ቀን አያልቅም።

ምልክት፦ የላይኛውን ቦያ (ሬሱ የሚዞርበትን ተንሳፋፊ ምልክት) ዞረን ንፋስ ከኋላ ሲሆን ንፋሱ የጨመረ ይመስላል

ወደ ንፋሱ ስንሄድ 12 ኖት፣ ከንፋሱ ጋር ስንሄድ 14 ይላል። ከኋላ ሲነፍስ አየሩ በሸራው አናት ላይ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ሴንሰሩ ያንን ነው የሚለካው። መሳሪያችሁ ለኋላ ንፋስ ለብቻው ማስተካከያ ካለው ቀንሱ፣ ከሌለው ፕላስተር ለጥፋችሁ «2 ቀንስ» ብላችሁ ጻፉበት፣ እኛ እንደዛ ነው ያረግነው።

ቀሪዎቹ ቶሎ ቶሎ። ቁጥሩ እንደ ፌንጣ ከዘለለ ዳምፒንጉን (ቁጥሩን የሚያረጋጋውን ሴቲንግ) ጨምሩ፣ ታክ መትታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ዘግይቶ ከመጣ ቀንሱ። ቁጥር ጠፍቶ ሰረዝ ብቻ ከታየና ሁሉም ስክሪን ላይ ከሆነ ኬብል ነው፣ በኤንኤምኢኤ 2000 መስመር (መሳሪያዎቹን የሚያገናኘው የዳታ ኬብል) በሁለቱ ጫፍ 120 ኦም መዝጊያ መኖር አለበት፣ መብራቱን አጥፍታችሁ ሁለቱን የዳታ ሽቦዎች በመለኪያ ንኩ፣ 60 አካባቢ ካለ ደህና፣ 120 ካለ አንዱ መዝጊያ የለም ወይ ተላቋል። ጥልቀቱን ደግሞ ስኪፐሩን ጠይቁት፣ ከኪሉ (ከጀልባው ሆድ ወደ ታች ከወረደው ክንፍ) ስር ነው የሚያሳየው ከውሃው ገጽ? አንዳንዱ እንዲህ አንዳንዱ እንዲያ ነው የሚወደው፣ ቼሳፒክ ደግሞ አማካይ ጥልቀቱ 6.5 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ መልሱን ከጭቃው ከመስማት ከሱ መስማት ይሻላል።