ጡት ላይ እብጠት ሲገኝ፦ ከቢላ በፊት መርፌ

ገላሽን ስትታጠቢ ድሮ ያልነበረ እብጠት ጡትሽ ላይ ቢያጋጥምሽ፣ ቶሎ ወደ ሐሳብሽ የሚመጣው ካንሰር ነው። ግን አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለም። ወጣቶች ላይ የሚበዛው ፋይብሮአዴኖማ የሚባለው፣ ሲነኩት ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተት እጢ ነው። ከ35 እስከ 50 ዓመት ባሉት ላይ ደግሞ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የተለመደ ነው። የምታጠባ እናት ወተት ሊቋጥርባት ወይም ጡቷ ሊመግል ይችላል። ችግሩ በእጅ ዳሰሳ ብቻ እነዚህን ከካንሰር መለየት አለመቻሉ ነው። ሐኪሙም ቢሆን በእጁ ብቻ አይወስንም።

ብዙ ሴቶችን ቤት የሚያስቀረው «ይቆርጡኛል» የሚል ፍራቻ ነው። ለዚህ ነው ቅደም ተከተሉን ማወቅ የሚጠቅመው። ቢላ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ብዙ ጊዜም ጭራሽ አይመጣም።

መጀመሪያ፣ ቤት ውስጥ

እብጠቱ የትኛው ጡት ላይ፣ የቱ ጋ እንዳለና መቼ እንዳየሽው ያዢ። ወጣት ከሆንሽና ሌላ ምልክት ከሌለ፣ የወር አበባሽ አልፎ እንደገና ዳብሺው። ካልጠፋ ሂጂ። በየቀኑ አትጭመቂው። ዋግምት፣ መተኮስና ቅጠል መለጠፍ ይቅርብሽ። ቁስል ይጨምራል፣ ምርመራውንም ያወሳስባል።

ሳትጠብቂ የምትሄጂው እብጠቱ ጠንካራና የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ ቶሎ ካደገ፣ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከሆነ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ደም ካፈሰሰ፣ ወይም ብብት ውስጥም እብጠት ካለ ነው። «አያመኝም እኮ» ብለሽ አትተይው። ካንሰር መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም። ወንዶችም ጡታቸው ላይ ካንሰር ሊይዛቸው ይችላል፣ ቁጥሩ በጣም ያነሰ ቢሆንም።

ሪፈር

ከጤና ጣቢያ ጀምሪ። የጤና መድን አባል ከሆንሽ ያለ ሪፈር ወረቀት ሆስፒታል ብትሄጂ ከኪስሽ ልትከፍዪ ትችያለሽ። መታወቂያውንና ወረቀቱን አብረሽ ያዢ። በሰሜን ሸዋ ከመንዝ፣ ከጣርማበር ወይም ከአንኮበር ለምትመጣ ሴት መንገዱ ብዙውን ጊዜ ወደ ደብረ ብርሃን ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይወስዳል። እዚያ የማይሠራ ነገር ካለ ቀጣዩ አዲስ አበባ ነው፣ 130 ኪሎ ሜትር ያህል።

ምስል

ዕድሜሽ ከ30 በታች ከሆነ የሚቀድመው አልትራሳውንድ ነው። የወጣት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) በደንብ አያሳይም። ከ40 በላይ ለሆነች ሁለቱም ሊታዘዙ ይችላሉ። አልትራሳውንዱ እብጠቱ ውሃ ይሁን ሥጋ ይለያል። ያ ከታወቀ ቀጣዩ ይቀላል።

መርፌው

ናሙና የሚወሰድበት መርፌ ሁለት ዓይነት ነው። ኤፍ ኤን ኤ የሚባለው ደም ከሚቀዳበት የማይወፍር መርፌ ነው። ገብቶ ሴሎችን ይስባል፣ ደቂቃዎች ይበቁታል። ውሃ የቋጠረ ከሆነ ያኔውኑ ተመጥጦ እብጠቱ ሊጠፋ ይችላል። ውሃው ደም ከቀላቀለ ወይም ከተመጠጠ በኋላ እብጠት ከቀረ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ወፍራሙ መርፌ ነው፣ ባዮፕሲ። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ ቦታው በማደንዘዣ ይደነዝዛል። ከዚያ ቀጫጭን የሥጋ ቁርጥራጮች ይወሰዳሉ። መሣሪያው «ጧ» ሲል እንዳትደነግጪ፣ ድምፁ ከሕመሙ ይበልጣል። ምርጫ ካለሽና ካንሰር ከተጠረጠረ ይሄኛውን ጠይቂ። ሴል ብቻ ሳይሆን ሥጋ ስለሚገኝበት፣ ካንሰር ቢሆን ዓይነቱንና የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ለማወቅ ይረዳል። አስፕሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ቀድመሽ ተናገሪ።

መርፌ ከነካው ካንሰሩ ይሰራጫል የሚባለው ትክክል አይደለም። እንዲያውም ምንነቱ ሳይታወቅ «ላውጣልሽ» የሚል ካለ፣ መጀመሪያ ናሙና ይወሰድልኝ በዪ።

ሲያልቅ ቦታው ለ10 ደቂቃ ያህል በእጅ ይጫናል፣ ከዚያ ይታሸጋል። አንድ ሁለት ቀን ጀሪካን አትሸከሚ። ትንሽ መበለዝ ያለ ነው። እብጠቱ ቢጨምር፣ ቢያተኩስሽ ወይም ደሙ ካልቆመ ተመለሺ። ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ልትገቢ ያሰብሽ ከሆነ ናሙናሽን ሰጥተሽ፣ ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ግቢ። ውጤት የምትጠብቂበት ጊዜ ለጠበሉም ይሆናል።

ይውጣ ከተባለ

ትንሽ ፋይብሮአዴኖማ መሆኑ በናሙና ከተረጋገጠ ሳይነካ በየስድስት ወሩ ሊታይ ይችላል። የመገለ ጡት በአልትራሳውንድ እየታየ በመርፌ ይመጠጣል፣ አንቲባዮቲክ ይሰጣል፣ ማጥባቱም ይቀጥላል። ካንሰር ያልሆነ እጢን ያለ ቀዶ ሕክምና የሚያወጣ ዘዴም አለ። ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ባነሰ ቀዳዳ ገብቶ እጢውን እየቆረጠ ወደ ውጭ የሚስብ መሣሪያ ነው። እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ለሚሆን እጢ ይጠቅማል፣ መስፋትም ላያስፈልግ ይችላል። ሌላው በመርፌ እጢውን በረዶ እስኪሆን አቀዝቅዞ መግደል ነው። የሞተውን ሥጋ ሰውነት በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ያስወግደዋል። እነዚህ ሁለቱ በየሆስፒታሉ የሚገኙ አይደሉም፣ ስለዚህ ሪፈር ሲጻፍልሽ ጠይቂ።

ካንሰር ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ያም ቢሆን ቶሎ የደረሰች ሴት ጡቷ ሙሉ በሙሉ ላይወገድ ይችላል። እጢው ብቻ ከዙሪያው ጤነኛ ሥጋ ጋር ወጥቶ የጨረር ሕክምና የሚከተልበት መንገድ አለ።

ወረቀቱ

ከመንዝ ድረስ በከንቱ እንዳትመላለሺ፣ ውጤቱ መቼ እንደሚደርስ ጠይቀሽ ስልክሽን ትተሽ ሂጂ። የፓቶሎጂ (የናሙናው ምርመራ) ውጤቱን በጽሑፍ ተቀበዪ፣ ዋናውን ቤት አስቀምጪ። ውጤቱ «ደህና ነው» ብሎ እብጠቱ ግን እያደገ ከሄደ፣ ወይም አልትራሳውንዱ አጠራጣሪ ብሎ ከነበረ፣ ናሙናው እንደገና እንዲወሰድ ጠይቂ።