በሚያዝያ ፀሐይ ከጉዲፈቻ ልጅ ጋር ወደ ጎንደር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልጃችንን ይዘን መጀመሪያ ጎንደር የሄድነው ለፋሲካ ነበር። ሚያዝያ ላይ፣ ሙቀቱ በጠናበት ሰሞን። አራት ዓመቷ ነው፤ ቤታችን ከገባች ደግሞ ገና ሰባት ወሯ። አማቴ ልታያት ቸኩላለች፣ እኛም ልናሳያት ቸኩለናል። ከጥድፊያው የተነሳ የሠራናቸውን ስህተቶች እናንተ እንዳትደግሟቸው ብዬ ነው የምጽፈው።

ሳይነግሯት ሻንጣ ማዘጋጀት

ማታ ልብሷን እያጣጠፍኩ ሻንጣ ውስጥ ስከት አየችኝ። ምንም አላለችም። ጠዋት ስነሳ ጫማዋን አድርጋ፣ ሹራቧን አቅፋ በሩ ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። አላለቀሰችም። ከዚያ በፊት ልብሷ ተሰብስቦ ሻንጣ የገባው ከማሳደጊያው ስትወጣ ነው። ለእሷ ሻንጣ ማለት የለመዱትን ቤት ትቶ መሄድ ነው፤ እኔ ይሄ ትዝ አላለኝም።

ቢያንስ ከሳምንት በፊት ለልጃችሁ ንገሯት። የአያትን ፎቶ አሳዩ። ስንት ሌሊት እንደምታድሩ በጣት እየቆጠራችሁ አስረዱ። ሻንጣውን አብራችሁ አዘጋጁ፣ የምትወደውን አንድ ዕቃም አልጋዋ ላይ ትታችሁ «ስንመለስ እዚሁ እናገኘዋለን» በሏት። ይቺ ነገር ትንሽ ትመስላለች እንጂ ለእኛ ከሁሉም በላይ የሠራችው እሷ ናት።

«ጎንደር ደጋ ነው» ብሎ ፀሐዩን መናቅ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ነው። ጥላው ሥር ነፋሻ ነው፣ ማታም ይበርዳል። ሰው የሚታለለው በዚህ ነው። ከፍታው በጨመረ ቁጥር ፀሐይ ቆዳን ይበልጥ ያቃጥላል። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ያሉት መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ የከተማዋ ሞቃት ወራት ናቸው።

እኛ ፋሲል ግቢ የገባነው በስድስት ሰዓት ነበር። ግቢው ሰፊ ነው። ከአንዱ ቤተ መንግሥት ወደ ሌላው ሲኬድ አብዛኛው መንገድ ሜዳ ነው፣ ድንጋዩም ሙቀቱን ይተፋል። ጠዋት እንደተከፈተ ግቡና ከአምስት ሰዓት በፊት ውጡ። ምሳና እንቅልፍ ቤት ይሁን። ከአሥር ሰዓት በኋላ እንደገና መውጣት ይቻላል። ኮፍያና ቀለል ያለ እጅጌ ሙሉ ልብስ አትርሱ።

ሌላም ልጨምር። ልጃችንን «ፋሲል መዋኛ እንወስድሻለን» ብለናት ነበር። መዋኛው ውኃ የሚሞላው ግን ለጥምቀት ነው። በሚያዝያ ደረቅ ነበር። ዛፎቹ ሥር ጥላ አለ፣ በግንቡ ላይ የተጠላለፈውን ሥራቸውንም ወዳዋለች። ግን ውኃ ብለናት ውኃ አላየችም። ብዙ ትልቅ ሰው ቃሉን ያጠፈባት ልጅ እንዲህ ዓይነቱን ነገር በቀላሉ አትረሳም። ሳታረጋግጡ ቃል አትግቡ።

ከፀሐዩ ለመሸሽ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንን አስቡ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ጫማ ስለሚወለቅ ካልሲ ያዙላት፤ ደጁ ላይ ያለው ድንጋይ ባዶ እግር ያቃጥላል። ልጃችን ጣሪያው ላይ የተሳሉትን መላእክት አንጋጣ አይታ «ሁሉም እኔን ያዩኛል» አለችን።

ዘመድን ሳያዘጋጁ መሄድ

ጎንደሬ እንግዳ ይወዳል፣ ይጠይቃልም። «የማን ልጅ ናት? እናቷ አለች?» ይላል፣ ልጅቷ እዚያው ቆማ። «ጽድቅ ነው የሠራችሁት» የሚለው ደግሞ ከሁሉም ያመኛል። ተናጋሪው በቅን ልብ ነው የሚለው። ልጅቷ የምትሰማው ግን ምጽዋት እንደሆነች ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ለአያትና ለአክስቶች ደውሉ። ስለ ወላጆቿ ፊቷ እንዳይነሳ በግልጽ ንገሯቸው። ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው፤ በቤተሰብ ሕጋችን የጉዲፈቻ ልጅ እንደ ጉዲፈቻ አድራጊው ልጅ ይቆጠራል። አማቴ ግን ሕግ አላስፈለጋትም። «የጡት ልጅ» የሚባለውን የድሮ ወግ ታውቃለች። ጎረቤቷ ስትጠይቃት «የልጄ ልጅ ናት፤ በይ ቡናሽን ጠጪ» ብላ ዘጋችው።

ከእቅፍ እቅፍ አታዘዋውሯት። ለማያውቁት ሰው ሁሉ ዘላ የምትሄድ ከሆነ «ተግባቢ ናት» ብላችሁ አትደሰቱ። የእኔ ሰው ማን እንደሆነ ገና አልለየችም ማለት ሊሆን ይችላል። የምታጎርሷት፣ የምታጥቧትና የምታስተኟት እናንተ ሁኑ።

ትንንሾቹ

የልደት ምስክር ወረቀቷንና ጉዲፈቻው የጸደቀበትን የፍርድ ቤት ውሳኔ ኮፒ ያዙ። ሁዳዴ ላይ ከሄዳችሁ ብዙ ምግብ ቤት ወተትና እንቁላል አታገኙም፤ ቀድማችሁ አስቡበት። ጎርጎራ ወርዳችሁ ጣናን ልታሳዩ ከሆነ የወባ ነገር አለና አጎበር ያዙ። ከዚያ ወዲህ ትኩሳት ከያዛት ሳታድሩ አስመርምሯት።

«ሲጠማት ትጠይቃለች» ማለት

ያን ቀን ፋሲል ግቢ ውስጥ ልጃችን ዝም አለች። እኛ «ጨዋ ልጅ» እያልን ፎቶ እናነሳለን። ቤት ስንደርስ አማቴ አየቻትና «ይቺ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ ሸንታለች?» አለችኝ። አልሸናችም። ከንፈሯ ደርቋል፣ ዓይኗ ፈዟል።

ብዙ ልጆች በሚያድጉበት ቤት አንዳንድ ልጅ አለመጠየቅን ይለምዳል። ቢጠይቅም ቶሎ የሚመጣለት የለማ። እንዲህ ያለ ልጅ ውኃ ጠማኝ፣ ሞቀኝ፣ ራሴን አመመኝ አይልም። ስለዚህ ጥያቄዋን አትጠብቁ። በየግማሽ ሰዓቱ ሁለት ሦስት ጉንጭ ስጧት። ሽንቷን ተከታተሉ፤ ካነሰ ወይም ቀለሙ ከጠቆረ ውኃ አንሷታል። ስታለቅስ እንባ ከሌላት ወይም ከደነዘዘች ሐኪም ቤት ነው። ከፋርማሲ ኦአርኤስ (ሰውነት ያጣውን ፈሳሽ ለመተካት በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት) ገዝታችሁ ቦርሳ ውስጥ ያዙ። ከጠፋ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። በመኪና ከሆናችሁ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ብቻዋን ዘግታችሁባት አትውረዱ።

አማቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ትንሽ የቆርቆሮ ኩባያ ለልጅቷ ብቻ ለየችላት። እየሞላች፣ ሳትጠየቅ፣ ቀኑን ሙሉ ትሰጣት ነበር። በስድስተኛው ቀን ጓሮ ሆነን ቡና ሲቆላ ልጃችን ኩባያዋን ይዛ መጣችና «ውኃ ጠማኝ» አለች። አማቴ የቡናውን ምጣድ እሳቱ ላይ ትታ ሮጠች። ቡናው አረረ።