አዲስ ቴክኖሎጂ ሰፈር ሲገባ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

ኮዬ ፈጬም ሆነ ቦሌ አራብሳ፣ አዲስ አበባ ዳር ያለን ሰዎች አዲስ ነገር እንዴት እንደሚገባ በዓይናችን እናያለን። መጀመሪያ አንድ ቤት፣ ቀጥሎ ጎረቤቱ፣ ቆይቶ ብሎኩ በሙሉ። በዚህ መሀል እየተደጋገሙ የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

የዘገየን ሰው «ኋላ ቀር» ማለት። ይሄ ከሁሉም በላይ ያናድደኛል። ኤቨረት ሮጀርስ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1962 ሰዎችን አዲስ ነገር ቀድመው ወይም ዘግይተው በመቀበላቸው ከፋፍሏቸው ነበር። በእሱ አከፋፈል ቀድመው የሚደፍሩት 2.5 በመቶ ብቻ ናቸው። መጨረሻ ላይ የሚመጡት 16 በመቶ ናቸው። ብዙው ሰው መሀል ላይ ነው፣ የሚጠብቀውም ምክንያት ስላለው ነው። ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ እናት 500 ብር በስህተት ወደ ሌላ ቁጥር ብትልክ የዛሬው ትርፍ ብቻ ሳይሆን ነገ ዕቃ የምታመጣበት ገንዘብም አብሮ ይሄዳል። ባለደመወዙ ግን ተናዶ ያልፈዋል። እሷ የምትፈራው አስልታ ነው።

መስማትን እንደ መቀበል መቁጠር። አሜሪካ፣ አዮዋ ግዛት ውስጥ ስለተዳቀለ የበቆሎ ዘር ራያንና ግሮስ የሚባሉ ተመራማሪዎች ያጠኑት፣ እ.ኤ.አ. በ1943 የታተመ ጥናት አለ። ገበሬዎቹ ወሬውን በብዛት የሰሙት ከሻጮች ነው። ያሳመኗቸው ግን ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ትንሽ መሬት ላይ ዘርተው አይተው ነው የጨመሩት። ቴሌብርም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ወሬው ወዲያው ተዳርሷል። ብዙ እናቶች መጠቀም የጀመሩት ግን የሚያምኑት የሰፈር ባለሱቅ «በቴሌብር ላኪልኝ» ሲላቸው ነው።

ስልኩን ከእጃቸው መንጠቅ። «አምጪው እማዬ፣ እኔ ልላክልሽ» ስንል የረዳናት ይመስለናል፤ በሚቀጥለውም ጊዜ ግን እኛን ትጠብቃለች። ስልኩ እሷ እጅ ላይ ይሁን። በ10 ብር ትጀምር፣ ለእናንተ ትላክ፣ መድረሱን እዚያው ትመልከት። ስማርት ስልክ ከሌላት *127# ደውላ በቴሌብር መላክ ትችላለች። የሚስጥር ቁጥሯን ራሷ ትምረጥ፣ ለእናንተም ቢሆን አትንገር። ደውሎ ቁጥሩን የሚጠይቅ ሰው ሌባ መሆኑን ደጋግማችሁ ንገሯት።

ሰፈሩን ሳያዩ መግዛት። የውጭ ዘመድ ያመጣው አውቶማቲክ የልብስ ማጠቢያ ስንት ቤት የጨርቅ ማስቀመጫ ሆኗል! ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ግፊቱ ደካማ ከሆነና ሮቶና ፓምፕ ከሌለ ማሽኑ ውሃ አይስብም። ባለ ሁለት ገንዳው ግን በባልዲ ይሞላል፣ ለእንደዚህ ዓይነት ቤት እሱ ይሻላል። ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነውና መለዋወጫው የት እንደሚገኝም ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

በኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ይሄ ይብሳል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አዲስ መኪና የሚያስብ ሁሉ ዓይኑ እሱ ላይ ነው። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ግን መኪና ከመምረጡ በፊት ሌሊት የት ቻርጅ እንደሚያደርግ ይወቅ። ከአራተኛ ፎቅ መስኮት ገመድ መልቀቅ አደጋ ነው። ከኮሚቴው ጋር ስለ ቆጣሪውና ስለ መስመሩ ተነጋገሩ፣ ከዚያ መኪናውን የያዘ ጎረቤት ፈልጉና መብራት በጠፋ ሰሞን እንዴት እንዳደረገ ጠይቁት።