ፍላሹ ላይ ሾርትከት ብቻ ሲቀር

የእህቴ ፍላሽ ከፎቶኮፒ ቤት ሲመለስ ፋይሎቹ ሁሉ በቫይረስ ምክንያት ሾርትከት (ወደ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ) ሆነው ነበር። እያንዳንዳቸው 1 ወይም 2 ኪሎባይት። ፍላሹ ግን ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ፋይሎቹ ተደብቀዋል እንጂ አልጠፉም ማለት ነው። እዚህ ላይ ቸኩሎ ፎርማት የሚያደርግ ሰው ያሳዝነኛል።

መጀመሪያ ፍላሹ የተሰካበትን ኮምፒውተር ያዝኩ። እሱ ሳይጸዳ ፍላሹን ማጽዳት ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። በታስክ ማናጀር የስክሪፕት ሆስቱን፣ ማለትም የቫይረሱን ስክሪፕት የሚያስኬደውን ፕሮግራም፣ አስቆምኩ፤ ከስታርትአፕ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው ከሚነሱት ዝርዝር) ላይ የማላውቀውን ስክሪፕት አጠፋሁ። ከዚያ የዊንዶውስ ዲፌንደርን ኦፍላይን ስካን አስጀመርኩ። ይሄኛው ዊንዶውስ ሳይነሳ ስለሚፈትሽ ቫይረሱ መደበቂያ ያጣል። 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል።

ቀጥሎ ሾርትከቶቹን ሰረዝኩ። በኮማንድ ፕሮምፕት፣ አትሪብ በሚባለው ትዕዛዝ፣ የተደበቁትን ፋይሎች የሂደንና የሲስተም ምልክት ሳነሳ ፎልደሮቹ ተግተልትለው ወጡ። የመመረቂያ ጽሑፏም አለ።